የቃጠሎ ሕክምና ቪዲዮዎች፦ የትኛውን እንመን?

ለኢፍጧር ሳምቡሳ ሲጠበስ ዘይት እጅ ላይ ቢፈናጠር ወይም የፈላ ጀበና ሕፃን ላይ ቢገለበጥ፣ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናነሳው ስልካችንን ነው። ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ የሐኪም ምክርም፣ «የጥርስ ሳሙና ቀቡበት» የሚልም ጎን ለጎን ተቀምጠው እናገኛለን።

እንዲህ ያለ ቪዲዮ በዋናነት የሚመዘነው ስለ መጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች በሚለው ነው። ትክክለኛው ምክር የተቃጠለውን ቦታ ቀዝቃዛ በሆነ፣ ግን በረዶ ባልሆነ፣ በሚፈስ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ ማቆየት ነው። ቧንቧ ከሌለ ከጀሪካን ቀስ እያሉ ማፍሰስ ይቻላል። እሳቱ ከቆዳ ቢርቅም ሙቀቱ ወደ ውስጥ መዝለቁን ስለሚቀጥል ውሃው ይህን ይገታል፤ አደጋው ከደረሰ በኋላ ባሉት 3 ሰዓታት ውስጥ ቢደረግም ይጠቅማል። ቀለበትና አምባር እብጠት ሳይጀምር ይወልቃሉ፤ ቆዳ ላይ የተጣበቀ ልብስ ግን አይጎተትም። ውሃ የቋጠረውን ማፈንዳት አይገባም። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ነው።

የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሊጥና የእንቁላል ነጭ ቁስሉን ለጀርም ያጋልጣሉ፤ ሐኪሙም የቃጠሎውን ጥልቀት ለማየት መጀመሪያ እነሱን ማጽዳት ይኖርበታል፣ ይህም ለታማሚው ሌላ ስቃይ ነው።

ከእነዚህ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ግማሽ እውነት የያዘው ቪዲዮ ነው። ማር ፈውስ እንዳለበት በሱረቱ አን-ነሕል (16:69) ተነግሯል፤ ለቁስል ተብሎ የተዘጋጀና ከጀርም የጸዳ ማርም በሕክምና ይሠራበታል። ይህ ግን ቃጠሎው በውሃ ከቀዘቀዘ በኋላ በባለሙያ የሚደረግ ነው እንጂ በውሃው ምትክ የሚቀባ አይደለም። አንቀጹን ቀርቶ ሲያበቃ የብልቃጡን ዋጋና ስልክ ቁጥር የሚናገረውን ሰው እንጠንቀቅ፤ የቁርኣኑ እውነትነት ለሻጩ ብልቃጥ ማስረጃ አይሆንም።

ተመራማሪዎች የጤና መረጃን ከሚመዝኑባቸው መሣሪያዎች አንዱ ዲሰርን ይባላል። 16 ጥያቄዎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። ምንጩ ተጠቅሷል? መቼ ተዘጋጀ? የሕክምናው ጉዳትስ ተነግሯል? የሚሉት ይገኙበታል። የተመልካች ብዛት ከጥያቄዎቹ ውስጥ የለም።

ጥሩ ቪዲዮ ስልኩን ትተን መቼ ወደ ሐኪም መሮጥ እንዳለብንም ይነግረናል። ቃጠሎው ከተጎጂው መዳፍ ከሰፋ፣ ፊት፣ እጅ፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት ላይ ከሆነ፣ በኤሌክትሪክ ወይም በኬሚካል ከደረሰ፣ ተጎጂው ጭስ ከሳበ ወይም ሕፃን ከሆነ መዘግየት አይገባም። ነጭ ሆኖ ሕመም የማይሰማበት ቃጠሎም ቀላል አይደለም፤ ነርቮቹ ስለተቃጠሉ ነው የማያመው። አዲስ አበባ ላይ የካቲት 12 እና አቤት ሆስፒታሎች የቃጠሎ ሕክምና ይሰጣሉ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ሳዑዲ ዐረቢያ ውስጥ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ደግሞ 997ን ስልካቸው ላይ ከአሁኑ ይመዝግቡ።