ዛፉ ወደ ሰው፣ ሰው ወደ ዛፉ፦ ያደገ ዛፍን የማዛወር ታሪክ ከፑንት እስከ መራዊ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ጠባብ ነው። ያደገና ጥላ የጣለ ዛፍ ከበቀለበት ተነሥቶ በሌላ ሥፍራ ሲተከል ምን ይሆናል? ማን ሞከረው? ለምንስ ሞከረው? ጥያቄውን ለደን ባለሙያዎች ትቶ ማለፍ ይቻል ነበር። ይሁን እንጂ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በመራዊ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉ ከተሞች እያደጉ ነው። መንገድ ሲሰፋ፣ ግድብ ሲገደብ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ የቆመው ዛፍ ዕጣ ይነሣል። ቀድሞ መልሱ አንድ ነበር፤ ይቆረጣል። አሁን ግን «ወደ ሌላ ቦታ እናዛውረዋለን» የሚል ሁለተኛ መልስ መጥቷል። ይህ መልስ ከምናስበው በላይ ረጅም ታሪክ አለው፤ የታሪኩም መነሻ ከእኛው አካባቢ ሩቅ አይደለም።

በላይኛው ግብፅ፣ በዴር ኤል ባሕሪ፣ የንግሥት ሐትሼፕሱት ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ አንድ የባሕር ጉዞ ተቀርጿል። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1470 ገደማ ነው። መርከቦቹ ፑንት ወደ ተባለው ምድር ይሄዳሉ፤ ወርቅ፣ ዞጲ፣ ዝንጀሮና የነብር ቆዳ ጭነው ይመለሳሉ። ከጭነቱ ሁሉ የታሪክ ጸሐፊዎችን ዓይን የሳበው ግን ዛፉ ነው። ሥራቸው ከነአፈሩ በቅርጫት የተቀመጠ የዕጣን ዛፎች በመሎጊያ ተንጠልጥለው በሰዎች ትከሻ ወደ መርከብ ሲወጡ ይታያሉ። ቁጥራቸው 31 እንደ ነበረ ይጠቀሳል። ዛፎቹ የዕጣን ነበሩ ወይስ የከርቤ የሚለው ክርክር አልተዘጋም። ሐትሼፕሱትም የመጀመሪያዋ አልነበረችም፤ ከእርሷ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ቀድሞ የነገሠው ሳሁሬ ከፑንት የመጣ ዛፍ ሲንከባከብ የሚያሳይ ቅርጽ በአቡሲር ተገኝቷል።

ፑንት የት ነበረች? እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥናት በግብፅ መቃብሮች የተገኙ የዝንጀሮ አስከሬኖችን ጥርስና አጥንት በመመርመር የትውልድ አካባቢያቸውን የዛሬዎቹን ኢትዮጵያን፣ ኤርትራንና ጅቡቲን፣ እንዲሁም የሶማሊያንና የየመንን ክፍሎች ወደሚያጠቃልል ቀጠና አመልክቷል። ስለዚህ በዓለም ከተመዘገቡት ሁሉ ቀደምት የሆነው ዛፍን የማዛወር ሥራ ምንጩ የእኛ ቀጠና ነበር ማለት ይቻላል። ይህን ስል ግን በጥንቃቄ ነው፤ ፑንትን በአንድ የዛሬ አገር ካርታ ውስጥ ማስገባት የታሪክ ሥራ አይደለም።

ግድግዳው ዛፎቹ በአሙን የአትክልት ሥፍራ ለምልመው፣ ከብቶችም በጥላቸው ሥር ሲግጡ ያሳያል። ይህ የመንግሥት ሥዕል ነው፤ የደረቀ ዛፍ የሚያሳይ ሥዕል ያሠራ ንጉሥ የለም። በቤተ መቅደሱ መግቢያ እስከ ዛሬ የሚታዩት ጉቶዎች የዕጣን ዛፍ ሳይሆኑ የፐርሲያ ናቸው። ፐርሲያ በጎጃም ወንዞችና በጣና ዙሪያ ከምናውቀው እሼ ጋር የአንድ ወገን ዛፍ ነው። ምናልባትም በዘርና በችግኝ የተስፋፋው ዛፍ ጉቶውን ትቶ፣ በመርከብ የመጣው ባለ ክብሩ አሻራ ሳይተው መቅረቱ ልብ ሊባል ይገባል።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በግብፅ ንግሥቲቱ ዛፉን ወደ እርሷ አስመጣች። በኢትዮጵያ ነገሥታት ግን ለብዙ ዘመን የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ወደ ዛፉ ሄደ። የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ከተማ በድንኳን የተሠራ ተንቀሳቃሽ ከተማ እንደ ነበር ታውቃላችሁ። ከተማው የሚነሣበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ጦርነት፣ ግብር፣ የወቅት ለውጥ። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ማገዶ ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በአንድ ሥፍራ ሲከርም የአካባቢው እንጨት ያልቃል፤ እንጨት ሲያልቅ ድንኳን ይነቀላል። እንደ እኔ ግምት በታሪክ ትምህርታችን ይህን ጉዳይ በፖለቲካ ብቻ ማስተማራችን አጉድሎናል። ዛፍ በሥፍራው ይቆማል፣ ሰው ይንቀሳቀሳል የሚለው ሥርዓት የአገሪቱን መልክዐ ምድር ከጦርነት ባልተናነሰ ቀርጾታል።

ያ ሥርዓት የተቋረጠው በአዲስ አበባ ነው። በ19ኛው ምእተ ዓመት ማብቂያ የእንጦጦና የአካባቢው ደን ተመናምኖ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ግንባታ ጀምረው ነበር። መዛወሩ ቀረ። ከቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አጋማሽ ከአውስትራሊያ ወገን የገባው ዛፍ ነው፤ በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይሌ ነው። ሕዝቡ የሰጠው ስም «ባሕር ዛፍ» የዛፉን ስደት በሁለት ቃል ይነግረናል። ግን የመጣው በቅርጫትና በመሎጊያ አልነበረም። በእፍኝ ውስጥ ሺህ ዛፍ የሚይዝ ደቃቅ ዘር ሆኖ ነው የመጣው። ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ይህ ዛፍ ዋና ከተማን በሥፍራው አስቀርቷል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ለማየት መራዊን ከሚከብበው የሜጫ ወረዳ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ቀይ ባሕር ዛፍ በዚህ ወረዳ ጓሮና ድንበር ላይ አልቀረም፤ የእህል ማሳ ወርሷል። ገበሬው የሚያቀርበው ምክንያት ግልጽ ነው። ባሕር ዛፍ ለችግር ቀን የሚሸጥ ንብረት ነው፤ አረምና ማዳበሪያ እንደ በቆሎ አይጠይቅም፤ አጣናው ገዢ አያጣም። በቆጋ ተፋሰስ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ደግሞ ከዛፉ እስከ 20 ሜትር ድረስ ባለ ማሳ የአፈሩ ለምነትና የበቆሎው ምርት እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ገበሬዎችም ምንጮች መድረቃቸውን ተናግረዋል። ለአንዱ ባለ ማሳ የተቀመጠ ገንዘብ የሆነው ለጎረቤቱ የተወሰደ እርጥበት ነው። ችግኙን ያዛወረው ገበሬ ብቻውን የማይከፍለው ዋጋ አለ።

ባሕር ዛፍ ሳይገባም የጎጃም ገበሬ ዛፍ ማዛወርን ያውቅ ነበር፤ በራሱ መንገድ። ኮርችን ተመልከቱ። ክንድ የሚያህል ቅርንጫፉ ተቆርጦ በአጥር መስመር ይቸከላል፤ ዝናብ ሲመጣ ያቆጠቁጣል። ሾላም እንዲሁ በቅርንጫፍ ሊያዝ ይችላል። በዘጌ ገዳማት ከእናት ዛፉ ሥር በራሱ የበቀለ የቡና ችግኝ እየተነሣ ይተከላል። የዘጌ ትውፊትም ቡናን፣ ጌሾንና ሎሚን ከአቡነ በትረ ማርያም በትር ጋር ያያይዛል። ትውፊቱን እንደ ታሪክ ማስረጃ አላቀርበውም፤ ነገር ግን መሬት ላይ የተቸከለ በትር ሥር ይሰዳል የሚለው ሐሳብ አጥሩን በኮርች ለሚያጥር ሕዝብ እንግዳ እንዳልነበረ እገምታለሁ። የፑንት ዛፎችም ጉዞ ሊቻል የሚችል የነበረው በተመሳሳይ ምክንያት ይመስለኛል፤ የዕጣንም ሆነ የከርቤ ዛፍ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ውኃውን በግንዱ የሚቆጥብ፣ ከቁራጭ ቅርንጫፍም ሊበቅል የሚችል ዛፍ ነው።

ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ወይራ ወይም ትልቅ ዋርካ ግን ሌላ ነገር ነው። ያደገ ዛፍ ውኃና ምግብ የሚስበው ከግንዱ አጠገብ ባሉት ወፋፍራም ሥሮች አይደለም፤ ራቅ ብለው ከመሬቱ ወለል ሥር በተዘረጉት ቀጫጭን መጋቢ ሥሮች ነው። ዛፉ ሲቆፈር አብዛኞቹ እነዚህ ሥሮች መሬት ውስጥ ይቀራሉ። ቅጠሉ ግን እንደ በፊቱ ውኃ ይጠይቃል። ስለዚህ የተዛወረ ዛፍ ብዙ ጊዜ ወዲያው አይሞትም፤ በግንዱ ባለው ስንቅ አንድ ሁለት ክረምት ለምልሞ ይታይና ከዚያ ይደርቃል። ምርቃቱና ፎቶግራፉ ያኔ አልፈዋል። በፈረንሳይ ሉዊ 14ኛ በማርሊ ቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ከኮምፒዬኝ ደን ሳይቀር ትልልቅ ዛፎችን አስነቅሎ አስተከለ። የቤተ መንግሥቱን ሕይወት የጻፈው ሳን ሲሞን ከዛፎቹ ከሦስት አራተኛ በላይ ደርቀው ወዲያው በሌላ እንደ ተተኩ ይነግረናል። ንጉሡ ሁልጊዜ ለምለም ደን አየ፤ ኮምፒዬኝ ግን ደኑን ከፈለ።

የተሳካ ምሳሌም አለ፤ ለእኛ ደግሞ ቅርብ ነው፤ የተፈጸመው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነውና። በደቡብ እንግሊዝ፣ ዶቨር አጠገብ፣ ባክላንድ በተባለ ሥፍራ ቤተ ክርስቲያኑን ለማስፋት አንድ እጅግ ያረጀ ዛፍ መንገድ ዘጋ። እ.ኤ.አ. በ1880 ዊልያም ባሮን የተባለ አትክልተኛ ዛፉን ከነአፈሩ በዙሪያው ቆፍሮ፣ በሣንቃና በሰንሰለት አስሮ፣ በተሽከርካሪ ላይ አሳርፎ 18 ሜትር ያህል አዛወረው። ዛፉ ዛሬም በሕይወት አለ። የስኬቱን ምሥጢር ለማወቅ ባሮን ለሥራው ያዋለውን ዕድሜ ማየት ይበቃል፤ ከ1830ዎቹ ጀምሮ በኤልቫስተን ግቢ ትልልቅ ዛፎችን ሲያዛውር የኖረ ሰው ነው። ርቀቱም 18 ሜትር ብቻ ነበር፤ አፈሩ ያው፣ ነፋሱ ያው።

በእኛ አገር የተለየ ማሳሳቻ አለ፤ እርሱም ዘንባባ ነው። የባሕር ዳር ጎዳናዎች በዘንባባ የታወቁ ናቸው። በቅርብ ዓመታት በአዲስ አበባም የኮሪደር ልማት ሲካሄድ ያደጉ ዘንባባዎች በመንገድ ዳር ሲተከሉ አይተናል። ዘንባባ ከግንዱ ግርጌ አዲስ ሥር ማውጣት ስለሚችል፣ በትንሽ አፈር ተነሥቶ ይያዛል። ይህን ያየ ነዋሪም ሆነ ሹም ዋርካውም እንዲሁ ይሆናል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ግን አይሆንም። አንድ ዋርካ ከጥላው በላይ ነው፤ ገበያና ሽምግልና በሥሩ የተሰበሰቡበት፣ የመሬት ወሰን በምስክርነት የሚጠራው ዛፍ ነው። ቢዛወርና ቢጸድቅ እንኳ ምስክርነቱ አብሮት አይሄድም።

ሕጋችንስ ዛፍን እንዴት ያየው ነበር? በ1999 ዓ.ም የወጣው የካሳ ደንብ ቁጥር 135 ለዛፍ የሚከፈለውን በዛፉ የእድገት ደረጃና በአካባቢው ዋጋ ይለካ ነበር፤ ባለ ንብረቱ ከፈለገ በካሳው ፈንታ ዛፉን ቆርጦ እንዲወስድ ይፈቅድ ነበር። ይህ ለባሕር ዛፍ የተሰፋ ልብስ ነበር። አጣና ተቆጥሮ ይከፈል ነበር። ማንም ያልተከለው፣ የማንም ያልሆነ የአደባባይ ዋርካ ግን ባለ ንብረት ስለሌለው ካሳ ጠያቂ አልነበረውም። 7,000 ሄክታር ያህል ለማልማት የታቀደው የቆጋ መስኖ ከመራዊ አጠገብ ሲሠራና 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ የሚይዘው ግድብ ሸለቆውን ሲሞላ፣ ሰው ተቆጥሮ ተነሥቷል፤ ማሳ ተለክቷል። ከውኃው ሥር የቀሩት ዛፎች ግን በዚህ ዓይነት ሚዛን የሚመዘኑ አልነበሩም።

አብያተ ክርስቲያናት በዚህ መሐል ልዩ ሥፍራ አላቸው። ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ባደረገው ጥናት 168 እንጨታማ ዝርያዎችን መዝግቧል። እነዚህ ዛፎች የቆዩት ማንም ስላዛወራቸው አይደለም፤ ሥፍራው ስላልተንቀሳቀሰ ነው። ድንኳኑ ሲነቀል ታቦቱ በደብሩ ቀረ፤ ዛፉም ከታቦቱ ጋር።

በመጨረሻ በምሕንድስና ክፍል ላላችሁ ተማሪዎች አንድ ተግባራዊ ነገር ልናገር። ያደገ ዛፍ በእውነት እንዲዛወር ከተፈለገ፣ ከመነሣቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በፊት ሥሩ በዙሪያው ተገርዞ በቅርብ አዲስ መጋቢ ሥር እንዲያወጣ መደረግ አለበት፤ ከተተከለም በኋላ ለበርካታ በጋዎች ውኃ የሚያጠጣው ሰው ያስፈልገዋል። ይህ ማለት ዛፉ በመንገዱ ንድፍ ላይ መታየት ያለበት ቁፋሮው ሲጀመር ሳይሆን ቅየሳው ሲካሄድ ነው። በምዕራብ ጎጃም ከተሞች የትኞቹ ዛፎች በየትኛው አደባባይ እንደ ቆሙ፣ ስማቸውና ዙሪያቸው ስንት እንደ ሆነ መመዝገብ ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ሥራ ነው። ሜትርና ማስታወሻ ደብተር ይበቃል፤ ከመራዊ ገበያ መጀመር ይቻላል።