የልዕልት ፀሐይ የነርስነት ጉዞ፤ ከሎንዶን እስከ ደሴና ነቀምቴ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ ከጣርማ በር ወርዶ፥ ሸዋ ሮቢትን አልፎ፥ በከሚሴና በቦርከና ሸለቆ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይወጣል። ዛሬ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴ በዚያ ዘመን በወሎ ግዛት ትቆጠር ነበር። አገሩ ወባ የማይለየው ቆላ ነው፤ ከከሚሴ ተነሥቶ ሆስፒታል ለሚሻ ሕመምተኛም እስከ ደሴ ከ70 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ይጠብቀዋል። በዚያ መንገድ ጫፍ፥ በደሴ ሆስፒታል፥ ከስደት መልስ በነርስነት ካገለገሉት መካከል አንዲቱ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ።

ልዕልቲቱ በ1912 ዓ.ም. ተወለዱ። የጠላት አውሮፕላን ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን በደበደበ ጊዜ ቦምቡ ለአሜሪካኖች ሆስፒታል እንኳ አልራራም። በዚያው ዓመት ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱ፤ በሎንዶንም በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው የነርስነትን ሙያ ተማሩ፥ ኋላም በጋይስ ሆስፒታል ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ቁስል ማጠብና የሕመምተኛ አልጋ ማንጠፍ የአገልጋይ ሥራ ተብሎ በሚታይበት ዘመን የንጉሥ ልጅ ይህን መምረጧ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ጸሓፍት ስለ ልዕልትነታቸው ሲተርኩ ነርስነታቸውን እንደ ጌጥ ማንሣታቸው ፍርድን ያዛባል፤ ጌጥ የሚሻ ሰው ከዋና ከተማ አይርቅምና።

ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም. አቢይ አበበን አገቡ፤ ባለቤታቸው ወለጋን እንዲያስተዳድሩ በመሾማቸውም አብረው ወደ ነቀምቴ ሄዱ። አራት ወር እንኳ ሳይሞላ፥ ክረምቱ በከበደበት በነሐሴ 11 ቀን፥ በእርግዝና ምክንያት በመጣባቸው ሕመም በዚያው ዐረፉ። ዕድሜያቸው 22 ዓመት ነበር። በሎንዶን ታላላቅ ሆስፒታሎች ሌሎችን ያስታመሙት ነርስ፥ በአውራጃ ከተማ እናቶችን በሚጥለው በዚያው አደጋ መሞታቸው የዘመኑን የሕክምና ሁኔታ ከማናቸውም መዝገብ ይልቅ ይገልጻል።

ሲልቪያ ፓንክኸርስት በእንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባስበው ለመታሰቢያቸው በአዲስ አበባ የተሠራው ሆስፒታል እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1951 ተከፈተ፤ የነርሶችም ትምህርት ቤት ነበረው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ።