የተመሰለ አካል፣ እውነተኛ ታካሚ

ከምሥራቅ ጎጃም ወረዳዎች ተነስቶ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የደረሰ ሰው ራጅ ሲታዘዝለት፣ ማሽኑ አስቀድሞ በማን አካል ላይ እንደተፈተነ አይጠይቅም። እኔ የሕግ ሰው ነኝና ጥያቄውን በእሱ ፈንታ ላንሳው።

አዲስ የምስል መሣሪያ እስካሁን በአብዛኛው የሚፈተነው በፈቃደኛ ሰዎች ላይ ነው። ፈቃደኞቹ ተጨማሪ ጨረር ይቀበላሉ፤ ሙከራው ዓመታትና ብዙ ገንዘብ ይበላል። ከዚህ ጎን ለጎን ምናባዊ ሙከራ የሚባል ዘዴ መጥቷል። ታካሚው፣ ማሽኑና ምስሉን የሚያነበው ባለሙያ ሦስቱም በኮምፒዩተር ይመሰላሉ። ሞንቴ ካርሎ የተባለው ስሌት የጨረሩን ቅንጣቶች ጉዞ በአካሉ ውስጥ አንድ በአንድ ይከተላል። ዕጢውን ያስቀመጠው ራሱ ተመራማሪው ስለሆነ፣ አንባቢው ማግኘቱም ሆነ መሳቱ ያለ ጥርጥር ይታወቃል።

ዋናው ምሳሌ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ቪክተር የተሰኘ ጥናት ነው። 2,986 ምናባዊ ሴቶችን ፈጥረው ዲጂታል ማሞግራፊን ከቶሞሲንተሲስ፣ ማለትም ጡትን በስስ ንብርብር ከሚያሳየው ራጅ ጋር አወዳደሩ። ቶሞሲንተሲስ በልጦ ተገኘ፤ ውጤቱም 400 እውነተኛ ሴቶች ከተሳተፉበት ሙከራ ጋር ገጠመ።

ይሁን እንጂ ምናባዊ አካልም ምንጭ አለው። በዲዩክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ዝነኛው ኤክስካት አምሳያ መነሻው ሥጋቸው በስስ ተቆርጦ ፎቶ የተነሳ የሁለት አሜሪካውያን አስከሬኖች ምስል ነው። ወንዱ እ.ኤ.አ. በ1993 በቴክሳስ በሞት የተቀጣ እስረኛ ሲሆን፣ አስከሬኑን ለሳይንስ ሰጥቶ ነበር። የእስረኛ ፈቃድ ምን ያህል ነፃ ነው የሚለው ክርክር ዛሬም ለሕግ ሰዎች ይጎረብጣል።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። በአገራችን የጡት ካንሰር ብዙ ጊዜ ገና በለጋ ዕድሜ ይታያል። የወጣት ሴት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ዕጢው በማሞግራፊ በቀላሉ አይለይም። ምናባዊ ሙከራው እንዲህ ያለችውን ሴት በቂ ቦታ ካልሰጣት፣ ውጤቱ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ይሆንባታል። የዘዴው ጥቅምም እዚሁ ላይ ነው፤ ማንንም ለጨረር ሳያጋልጡ የጎጃምን ሴት የሚመስሉ በሺዎች የሚቆጠሩ አካላትን መጨመር ይቻላል።

ለዚህ ግን ከሆስፒታሎቻችን የሚገኝ ምስል ያስፈልጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ውስጥ መድቦታል። ስለዚህ የገበሬዋ ራጅ ለምርምር ሲወሰድ ፈቃዷ በሚገባት ቋንቋ መጠየቅ አለበት። የሕክምና መሣሪያዎችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም አለ። በእኔ እምነት መሣሪያ ሲመዘገብም ሆነ ጨረታ ሲወጣ አቅራቢው ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ ሊጨመር ይገባል፦ ይህ ማሽን በማን አካል፣ በእውነተኛ ወይስ በተመሰለ፣ ተፈተነ?