ከምጽዋት ወደ ፍርድ፤ ከሳይንት የወጡ አንዲት የሕግ ዐዋቂ ታሪክ

ለችግረኛ ማዘን መልካም ነው፤ ለችግረኛ መፍረድ ግን ከማዘን ይበልጣል። የሚያዝን ሰው ከገንዘቡ የወደደውን ያህል ይሰጣል፤ የሚፈርድ ሰው ግን የባለመብቱን ለባለመብቱ ይመልሳል። ምጽዋት ሰጪው ሲከፋው ይቀራል፤ ፍርድ ግን ዳኛው ቢከፋውም ደስ ቢለውም አይቀርም። በአገራችን ዓይናቸው የጠፋ፥ ጆሯቸው የማይሰማ፥ እግራቸው የሰለለ ወገኖቻችን ብዙ ዘመን የኖሩት በፊተኛው ነው። ሁለተኛውን ማግኘት የጀመሩት በቅርብ ጊዜ ነው፤ እርሱም ገና አልተፈጸመም። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ለመግለጥ ያሰብነው ነገሩ ከምጽዋት ወደ ፍርድ እንዴት እንደ ተሻገረ ነው። ታሪኩንም ከሩቅ አገር አናመጣውም፤ ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ እንጀምረዋለን።

ከደሴ ተነሥቶ በለጋምቦ ደጋ አልፎ ወደ ምዕራብ የሚሄድ መንገደኛ የቦረና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ መካነ ሰላም ይደርሳል። በዚያ ዙሪያ ያለው አገር ጥንት ቤተ አምሐራ ይባል ከነበረው ክፍል ነው፤ የዓባይና የበሽሎ ገደልም ከጎጃምና ከበጌምድር ይለየዋል። ከመካነ ሰላም በስተ ሰሜን የሳይንት ምድር አለ፤ ስመ ጥሩዋ ተድባበ ማርያምም በዚያ ናት። በእንዲህ ያለ አገር ዕውቀት በዓይን ብቻ የሚገባ አልነበረም። ጸሎቱ፥ ዜማው፥ ቅኔው በቃል ይጠና ስለ ነበረ፥ ዓይነ ስውር የሆነ ተማሪ ከመምህሩ አፍ እየሰማ ራሱ መምህር እስከ መሆን የሚደርስበት መንገድ ነበረው። ሙግትም እንዲሁ ነበረ፤ በበላ ልበልሃ ዘመን ተሟጋች የሚረታው በአንደበቱና ነገርን አጥንቶ በመያዙ እንጂ በዓይኑ አልነበረምና። ይሁን እንጂ ይህ መንገድ ለወንድ ልጅ የተጠረገ ነበረ፤ ለሴት ልጅ ግን የአብነት ትምህርቱም የአደባባዩም ደጅ ጠባብ ነበረ።

በ1974 ዓመተ ምሕረት በጥር ወር በዚሁ በአማራ ሳይንት አንዲት ሴት ልጅ ተወለደች፤ ስሟም የትነበርሽ ንጉሤ ተባለ። አምስት ዓመት ሲሆናት የማጅራት ገትር በሽታ የዓይኖቿን ብርሃን ወሰደው። በዚያን ጊዜ በዚያ ገጠር ሴት ልጅ አካሏም ልቡናዋም ሳይጠና ትዳር ነበር። ዓይነ ስውር ልጅ ግን ለሙሽርነት አትፈለግም ነበርና የእኩዮቿ ዕጣ አልደረሳትም፤ እናቷና አያቷም መክረው ለትምህርት ሰጧት። እርሳቸው ራሳቸው ካደጉ በኋላ በየአደባባዩ እንደ ተናገሩት፥ የዓይናቸው መጥፋት ከልጅነት ጋብቻ አስጥሏቸዋል፥ የትምህርትንም በር ከፍቶላቸዋል። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ስትሰማ በመገረም ብቻ አትለፈው። ዓይነ ስውሯ ልጅ ለትዳር አትረባም ተብላ ተናቀች፤ ዓይናማዋ ልጅ ደግሞ ለትዳር ትረባለች ተብላ ከትምህርት ቀረች። ሁለቱንም የበደለ አንድ ልማድ ነው።

ልጂቱ ከደጋው ወርዳ ሻሸመኔ ባለው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባች። በዚያም ብሬል የሚባለውን፥ በጣት የሚነበበውን ጽሕፈት ተማረች። ይህን ጽሕፈት ያወጣው ከ1809 እስከ 1852 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የኖረው፥ እርሱም ዓይነ ስውር የነበረው ፈረንሳዊ ሉዊ ብራይ ነው፤ በስድስት ነጥብ አሰላለፍ ፊደልን ሁሉ ይጽፋል፤ የእኛም ፊደል ተስማምቶለታል። ከዚያም በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከዓይናሞች ጋር በአንድ ክፍል ተማረች። ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በዚያም ሕግ ከተማሩት የመጀመሪያዎቹ ዓይነ ስውራን ሴቶች አንዷ ሆኑ። ተማሪ ሳሉ ኤድስን ለመከላከል የተነሣውን የዩኒቨርሲቲውን ማኅበር መሩ፤ የሴት ተማሪዎችም ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያዋ ሊቀ መንበር ሆኑ። በሕግ ተመርቀው በማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ ጨመሩ።

እንግዲህ እኒህ ሴት የተማሩት ሕግ እንደ እርሳቸው ስላለ ሰው ምን ይል ነበር? ይህን ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

በሐዋርያት ስም የሚጠራው ቀኖና አንድ ዓይኑ የጠፋ ወይም እግሩ የተጎዳ ሰው ለኤጲስ ቆጶስነት የሚገባ ሆኖ ቢገኝ ይሾም ዘንድ ይፈቅዳል፤ ሰውን የሚያሳድፈው የነፍስ ርኵሰት እንጂ የአካል ጕድለት አይደለም ሲል። ፈጽሞ የማያየውንና የማይሰማውን ግን እንዳይሾም ይከለክላል። ምክንያቱን ሲገልጥም ሰውየው ርኩስ ስለ ሆነ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ሥራ እንዳይታጐል ነው ይላል። ይህ ቃል ሊቃውንት ቆም ብለው ሊያስተውሉት የሚገባ ነው፤ ክልከላው የቆመው በሰውየው ማንነት ላይ ሳይሆን በሥራው መታጐል ላይ ነውና። ታዲያ ሥራው እንዳይታጐል የሚያደርግ ረዳት ወይም መሣሪያ ቢገኝስ? ለአባታችን ለአባ ሰላማ የጵጵስናን ማዕርግ የሰጠው ቅዱስ አትናቴዎስ፥ በሕፃንነቱ ዓይኑ የጠፋውን ዲዲሞስን የእስክንድርያን ትምህርት ቤት እንዲመራ ማድረጉ፥ ይህ ጥያቄ በ4ኛው መቶ ዓመትም መልስ እንደ ነበረው ያስረዳል።

የዘመናዊው ሕጋችን መጀመሪያ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። በ1952 ዓመተ ምሕረት የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ340ኛው አንቀጽ፥ ደንቆሮና ዲዳ የሆኑ፥ ዓይናቸው የጠፋ፥ እንዲሁም በማይድን ደዌ ምክንያት ራሳቸውን ወይም ንብረታቸውን ማስተዳደር የማይችሉ ሰዎች ለዕብዶች የተሠራውን የጥበቃ ድንጋጌ ለጥቅማቸው መጥቀስ እንዲችሉ አደረገ። በ1728ኛውም አንቀጽ፥ ዓይነ ስውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው የፈረመው ጽሑፍ ውል አዋዋይ ወይም የመዝገብ ሹም ወይም ዳኛ ካላረጋገጠው በቀር አይጸናበትም ብሎ ወሰነ። የሕጉ አሳብ ክፉ አይደለም፤ የማያየውን ሰው ከአታላይ ለመጠበቅ ነው። ነገር ግን አጥር ለጥበቃ ቢሠራም መውጫ በር ካልተበጀለት ለውስጠኛው እስር ቤት ይሆንበታል። ሕጉ ማየት አለመቻልን ካለማወቅ ጋር በአንድ ቀንበር ጠመደው። ከዚህ የተነሣ ሕግን ተምራ የተመረቀች፥ በጣቶቿ መጽሐፍ የምታነብ ሴት በፊርማዋ ነገር ፊደል ካልቈጠረ ሰው ጋር ተቈጠረች።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1960 የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ተመሠረተ፤ በሰበታም መርሐ ዕውራን የተባለው ትምህርት ቤት ብዙ ልጆችን አስተማረ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1971 በ70ኛው ቍጥር ትእዛዝ የአካል ጉዳተኞች መቋቋሚያ ድርጅት ተቋቋመ። እነዚህ ሁሉ የሚመሰገኑ ሥራዎች ናቸው፤ ነገር ግን አካል ጉዳተኛውን የሚረዳ እንጂ እርሱ ራሱ ተነሥቶ ይገባኛል ብሎ የሚሟገትበት ሕግ ገና አልነበረም።

በ1986 ዓመተ ምሕረት በአዋጅ ቍጥር 101 አካል ጉዳተኞች ሥራ የማግኘት መብት እንዳላቸው ታወጀ። በ1987 ዓመተ ምሕረት የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በ41ኛው አንቀጽ መንግሥት ዐቅሙ እስከ ፈቀደ ድረስ ለአካል ጉዳተኞች፥ ለአረጋውያንና ወላጅ ላጡ ሕፃናት ርዳታ እንዲያደርግ አዘዘ። ሆኖም ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን የሚናገረው 25ኛው አንቀጽ ዘርን፥ ቀለምን፥ ፆታን፥ ቋንቋን፥ ሃይማኖትንና ሌላውንም ሲዘረዝር የአካል ጉዳትን በስሙ አልጠራም፤ ይህ የሚገኘው «ሌላ አቋም» በሚለው ጥቅል ቃል ውስጥ ነው። አካል ጉዳተኛው በርዳታው አንቀጽ በስሙ ተጠራ፤ በእኩልነቱ አንቀጽ ግን ስሙ አልተጠራም። ከዚህ የበለጠ የዘመኑን አሳብ የሚያሳይ ነገር የለም።

ወይዘሮ የትነበርሽ ከባልንጀሮቻቸው ጋር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2005 የኢትዮጵያ አካል ጉዳተኝነትና ልማት ማዕከልን ያቋቋሙት በዚህ ጊዜ ነበር። የማዕከሉም አሳብ አካል ጉዳተኛው ለብቻው የሚረዳበት ሌላ ቤት እንዲሠራለት ሳይሆን፥ ለሁሉ በተሠራው ትምህርት ቤት፥ ሐኪም ቤትና የሥራ ቦታ ከሁሉ ጋር እንዲገባ ነው። ወይዘሮ የትነበርሽ ሲያስተምሩም ሰዎች አንዷን ጉዳታቸውን ትተው የቀሩትን ዘጠና ዘጠኝ ችሎታዎቻቸውን እንዲመለከቱ ይናገሩ ነበር።

በ2000 ዓመተ ምሕረት የወጣው አዋጅ ቍጥር 568 የሕጉን መንፈስ ለወጠው። አዋጁ በመግቢያው የፊተኛውን ሕግ ወቀሰ፤ ለአካል ጉዳተኞች የሥራ ቦታ ለይቶ ማስቀመጡ በችሎታቸው ተወዳድረው መሥራት የማይችሉ አስመስሏቸዋልና። በአዲሱ ሕግ አሠሪው ለሠራተኛው ተመጣጣኝ ማመቻቸት ማድረግ ግዴታው ሆነ፤ ይኸውም መሣሪያውን፥ የሥራውን ቦታና አሠራሩን ለጉዳቱ እንዲስማማ ማስተካከል ነው። የጥንቱ ቀኖና ሥራ እንዳይታጐል ብሎ ለተጨነቀለት ነገር የሕግ መፍትሔ የተገኘው በዚህ ነው። ደግሞም በአካል ጉዳቱ ምክንያት ተበደልሁ ብሎ የሚከስ ሰው የማስረዳት ሸክም እንዳይጫንበት ተደነገገ። ሙግት የሚያውቅ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቃል፤ ማስረጃው ያለው በአሠሪው መዝገብ ውስጥ ነውና፥ ከሳሹ ከዚያ አውጥቶ ያምጣ ማለት ክሱን ከመነሻው መዝጋት ነበረ።

ይህ ሁሉ ሲሆን መንገዱ ያለ ዕንቅፋት አልነበረም። በ2001 ዓመተ ምሕረት የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ እንዲኖራቸው የሚያዝዘው የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624 ወጣ። በዚያው ዓመት ግን በጎ አድራጎት ድርጅቶችን የሚመለከተው አዋጅ ቍጥር 621 ከገቢው ከመቶ 10 የሚበልጠውን ከውጭ አገር የሚያገኝ ድርጅት ስለ አካል ጉዳተኞች መብት እንዳይሠራ ከለከለ። የማኅበራቱም ገንዘብ አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ስለ ነበረ፥ ዳቦና ክራንች ማደል ተፈቀደላቸው፤ ስለ መብት መናገር ግን ተከለከሉ። ምጽዋቱን ፈቅዶ ፍርዱን የከለከለ ሕግ ነበረ ማለት ነው። ይህ አዋጅ ዐሥር ዓመት ጸንቶ ኖሮ በ2011 ዓመተ ምሕረት በአዋጅ ቍጥር 1113 ተሻረ።

በዚህ መካከል በ2002 ዓመተ ምሕረት ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 የተባበሩት መንግሥታት ያወጡትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጸደቀች፤ በሕገ መንግሥቱ 9ኛ አንቀጽ መሠረትም ስምምነቱ የአገሪቱ ሕግ አካል ሆነ። 25ኛው አንቀጽ ሳይጠራው የቀረው ስም በዚህ ተጠራ። በ2010 ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ደግሞ ከስዊድን አገር የሚሰጠው፥ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው ሽልማት ለወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ እንዲሰጥ ተወሰነ። በዚያ ዓመት አብረዋቸው ከከበሩት መካከል የህንዱ ኮሊን ጎንሳልቭስና የአሜሪካው ሮበርት ቢሎት እንደ እርሳቸው የሕግ ሰዎች ናቸው። ከሳይንት ገደል የወጣች፥ ለትዳር አትረባም የተባለች ልጅ ስለ ብዙዎች መብት ተሟጋች ተብላ በዓለም ፊት ተጠራች።

ነገር ግን ሽልማቱ የታሪኩ ፍጻሜ አይደለም። አባቶቻችን «በሕግ አምላክ» ሲባል የሚፈስስ ውሃ እንኳ ይቆማል ይሉ ነበር፤ ውሃው የሚቆመው ግን ቃሉን የሚናገር ሰው ሲኖር ነው። ዛሬም በደጋው መንደር ዓይኗ የጠፋ ልጅ በጓዳ ተቀምጣ ብትቀር፥ አዋጅ 568 በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ተጽፎ መኖሩ ምን ይረባታል? የንስሓ አባት የቤቱን ምሥጢር ያውቃልና በየትኛው ጓዳ ልጅ እንደ ተሸሸገ ከማንም በፊት እርሱ ያውቃል፤ ወላጆችን ለትምህርት ስጧት ብሎ ቢመክር ከብዙ ሰባኪ ይበልጣል። ዳኛውም ዓይነ ስውር ባለጉዳይ ከመሪው ጋር ሲቀርብ መሪውን ትቶ ባለጉዳዩን ይጠይቅ። የከተማው ነጋዴም ሱቁን ሲያሠራ ደረጃውን በማን እግር ልክ እንዳሠራው ያስብ።

የትነበርሽ የሚለው ስም በቋንቋችን ጥያቄ ነው፤ እስከ ዛሬ ወዴት ነበርሽ ማለት ነው። ልጂቱስ ወዴት እንደ ነበረች እናውቃለን፤ በሳይንት ነበረች፥ በሻሸመኔ ነበረች፥ በሕግ ትምህርት ቤት ነበረች። ጥያቄው የሚገባው ለእኛ ነው፤ እንደ እርሷ ያሉት ልጆች በየጓዳው ሲቀመጡ እኛ የት ነበርን? መካነ ሰላም ማለት የሰላም ስፍራ ማለት ነው፤ ሰላምም የሚኖረው ፍርድ ባለበት ስፍራ ነው።