የማይድን ሕመም ላለበት የቤተሰብ አባል እንክብካቤ ሰጪ ሲመረጥ

ሐኪም «በሽታውን ከዚህ በኋላ ማዳን አይቻልም» ሲል ብዙ ቤተሰብ ሕክምናው በዚያው ያበቃ ይመስለዋል። በዚህ ጊዜ የሚወሰነው ውሳኔ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ሕመምተኛውን ይዞ ከከተማ ከተማ መንከራተት፣ አለዚያም ወደ ቤት መልሶ ያለ ማስታገሻ ማስተኛት። የመጀመሪያው የቤተሰቡን ጥሪት ያሟጥጣል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሊቀንስ ይችል ለነበረ ስቃይ ሕመምተኛውን አሳልፎ ይሰጣል። ከሁለቱ የተለየ ሌላ መንገድ ግን አለ። እርሱም የማስታገሻ እንክብካቤ፣ በሕይወት መጨረሻ ወራትና ሳምንታት ሲሰጥ ደግሞ ሆስፒስ የሚባለው አገልግሎት ነው።

አገልግሎቱ ምንድን ነው?

የማስታገሻ እንክብካቤ በሽታውን ከመንቀል ይልቅ ሕመምተኛው ያለ ከባድ ስቃይ እንዲቆይ ላይ ያተኩራል። ሕመምን፣ የትንፋሽ ማጠርን፣ ማቅለሽለሽን፣ የመኝታ ቁስልንና ጭንቀትን ያክማል። የሕመምተኛውን መንፈሳዊ ፍላጎት ያከብራል፤ አስታማሚዎችንም ይደግፋል። የሚሰጠው ለካንሰር ሕሙማን ብቻ አይደለም። ለተዳከመ ልብ፣ ለኩላሊትና ለጉበት መድከም፣ ለኤች አይ ቪ ሕሙማንና ለሌሎችም ጽኑ ሕመሞች ያገለግላል። ከሌላ ሕክምና ጎን ለጎን ቀደም ብሎ ሊጀመርም ይችላል።

የዘመናዊው ሆስፒስ መነሻ ሲሲሊ ሳውንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የከፈቱት የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስ ነው። በጎረቤት አካባቢያችን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ሆስፒስ አፍሪካ ዩጋንዳ ሞርፊንን በሚጠጣ ፈሳሽ መልክ እያዘጋጀ ሕሙማንን በየቤታቸው በማከም ለብዙ የአፍሪካ አገራት አርአያ ሆኗል። በአገራችንም ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በአዲስ አበባ ቤት ለቤት የሚሰጥ አገልግሎት ሲያከናውን ቆይቷል። ይሁን እንጂ ፍላጎቱና አቅርቦቱ በእጅጉ የተራራቁ ናቸው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ 56 ነጥብ 8 ሚሊዮን ሰዎች ይህ እንክብካቤ ያስፈልጋቸዋል፤ የሚያገኙት ግን 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው።

ምን ምን አማራጭ አለ?

በአገራችን ሁኔታ «ሆስፒስ» የሚል ስም ያለው ተቋም በቅርብ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ቤተሰብ መፈለግ ያለበት አገልግሎቱን እንጂ ስሙን ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው አማራጭ ሕመምተኛው ሲታከምበት የቆየው ሆስፒታል ነው። በተለይ የካንሰር ሕክምና የሚሰጡ ትልልቅ ሆስፒታሎች የሕመም ማስታገሻ ማዘዝና ክትትል ማድረግ ይችላሉ። ሁለተኛው ቤት ድረስ እየሄዱ የሚያክሙ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ወይም የግል ነርሶች ናቸው፤ እነዚህ በአብዛኛው በከተማ የሚገኙ ናቸው። ሦስተኛው በገጠር የሚያዋጣው መንገድ ነው፤ ሆስፒታሉ የሕክምና ዕቅዱን አውጥቶ ክትትሉን በአቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እንዲያግዙ ማድረግ።

ደጋፊ የሌላቸውን ሕሙማን የሚቀበሉ የእምነትና የበጎ አድራጎት ማዕከላትም አሉ። በመጠለያና በሕክምና መካከል ግን ልዩነት መኖሩን ማስተዋል ይገባል። ማዕከሉ ምግብና ንጽሕና ቢያሟላ እንኳ ሕመምን የሚያስታግስ ባለሙያና መድኃኒት መኖሩን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከመወሰን በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለሐኪሙ መቅረብ ያለበት የመጀመሪያ ጥያቄ «አሁን የታዘዘው ሕክምና ያድናል፣ ዕድሜ ያራዝማል ወይስ ስቃይ ይቀንሳል?» የሚል ነው። በሬ ከመሸጡ፣ መሬት ከመከራየቱ ወይም ብድር ከመወሰዱ በፊት ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ማግኘት ተገቢ ነው። መልሱ ቤተሰቡን ያሳዝን ይሆናል፤ ነገር ግን ለተረፉት ልጆች የሚሆነውን ጥሪት ሊያተርፍ፣ ሕመምተኛውንም ከአድካሚ መንገድ ሊያሳርፍ ይችላል።

እንክብካቤ ሰጪውን ደግሞ የሚከተሉትን መጠየቅ ይበጃል፦

• የሥራ ፈቃድ አላችሁ? የሚመጣው ባለሙያ ሐኪም ነው፣ ነርስ ነው ወይስ ረዳት?
• በሳምንት ስንት ጊዜ ትመጣላችሁ? ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሕመሙ ቢበረታ ስልክ የሚያነሣ ሰው አለ?
• ሞርፊን ማዘዝ ትችላላችሁ? መድኃኒቱ የሚገኘው ከየት ነው? ቢያልቅስ በስንት ቀን ይተካል?
• አስታማሚውን ማገላበጥን፣ ቁስል ማጠብንና መድኃኒት መስጠትን ታስተምራላችሁ?
• ክፍያው ስንት ነው? መድኃኒት፣ ትራንስፖርትና የቁስል ማሸጊያ በዚያው ውስጥ ይጠቃለላሉ?
• የንስሐ አባት፣ ሼህ ወይም ሌላ የሃይማኖት አባት እንዲገኝ ትፈቅዳላችሁ?

ለጥያቄዎቹ በትዕግሥት የሚመልስ፣ ዋጋውን በጽሑፍ የሚሰጥና የማይችለውን «አልችልም» የሚል ሰጪ ይመረጣል። «ፈጽሞ አድናለሁ» ብሎ ገንዘብ በቅድሚያ ከሚጠይቅ መራቅ ያስፈልጋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆነ ቤተሰብም መታወቂያውን ይዞ፣ የሪፈር ሥርዓቱን ጠብቆ የትኛው አገልግሎት እንደሚሸፈን በጤና ጣቢያው ይጠይቅ።

ስለ ሞርፊን ያለው ፍርሃት

ብዙ ሰው ሞርፊን ሲባል «ሱስ ያስይዛል» ወይም «ሞትን ያፋጥናል» ብሎ ይሰጋል። በባለሙያ ትእዛዝ፣ እንደ ሕመሙ መጠን በጥንቃቄ ሲሰጥ ግን ለጽኑ ሕመም ከሚታወቁት ማስታገሻዎች ዋነኛው ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አካትቶታል። የሚጠጣው ዓይነት ብዙውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ይወሰዳል። ሕመሙ እስኪብስ ጠብቆ ከመስጠት ይልቅ ሰዓቱን መጠበቅ ይሻላል። የሆድ ድርቀት ስለሚያስከትል ሐኪሙ አብሮ የሚወሰድ ማለስለሻ ማዘዙን ያረጋግጡ። መጠኑን በራስ ፈቃድ መጨመርም ሆነ በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። ሕመምተኛው ከልክ በላይ ቢፈዝና ትንፋሹ በጣም ቢዘገይ ወዲያውኑ ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል። መድኃኒቱ ቁጥጥር የሚደረግበት በመሆኑ ሕፃናት በማይደርሱበት፣ በሚቆለፍ ቦታ ይቀመጥ፤ የተረፈውም ለጤና ተቋሙ ይመለስ።

የሕመምተኛው ድምፅ

በባህላችን መርዶን ከሕመምተኛ መሸሸግ እንደ ርኅራኄ ይቆጠራል። ይሁንና «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው ሁሉ፣ በሽታው የተደበቀበት ሰውም የሚፈልገውን እንክብካቤ መምረጥ አይችልም። ኑዛዜ ሊናዘዝ፣ ዕዳውን ሊነግር፣ የተጣላውን ሊታረቅ፣ በቤቱ ወይም በሆስፒታል መቆየቱን ሊመርጥ የሚችለው ሁኔታውን ሲያውቅ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን መንገር ግን ግዴታ አይደለም። ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ አስቀድሞ መጠየቅ፣ ቢቻል ሐኪሙ በተገኘበት መነጋገር መልካም ነው።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ

መነሣት የማይችለውን ሕመምተኛ በየ2 ሰዓቱ ገደማ ማገላበጥና አንሶላውን ደረቅ ማድረግ የመኝታ ቁስልን ይከላከላል። ሕመሙ ምን ያህል እንደሆነ ከ0 እስከ 10 በጣት እንዲያሳይ ማድረግና መዝግቦ ለባለሙያው ማሳየት ሕክምናውን ያቀናል። የመጨረሻዎቹ ቀናት ሲቃረቡ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ እንቅልፍ ይበዛል፣ እጅና እግር ይቀዘቅዛል፣ አተነፋፈስም ይለዋወጣል። በዚህ ጊዜ በግድ ማጉረስ ትንታ ሊያስከትል ይችላል፤ ከንፈርንና አፍን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ማርጠብ ግን ዕረፍት ይሰጣል።

የማስታመሙ ሸክም ብዙ ጊዜ በአንዲት ሚስት ወይም ሴት ልጅ ላይ ይወድቃል። ቤተሰቡ ተራ ቢያወጣ እርሷም ትተኛለች፣ ሕመምተኛውም የተሻለ እንክብካቤ ያገኛል። እድሮቻችን ለቀብርና ለኀዘን ፈጥነው እንደሚደርሱ ሁሉ፣ ሰው በሕይወት ሳለ የሌሊት አስታማሚ በመመደብ፣ ለመድኃኒት የሚሄድ ሰው በመላክ ወይም የአርሶ አደሩን ማሳ በደቦ በማረስ ሊያግዙ ይችላሉ። ይህን ለመጠየቅ የሞት መርዶ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሕመምተኛው ከሆስፒታል ሲወጣ ለእድሩ ዳኛ ማሳወቅ ይበቃል።