ከወረቀት ንድፍ እስከ ሕንፃ ሞዴል
የግንባታ መሐንዲሶች ትምህርት አጭር ታሪክ

አንድ ሕንፃ በመሬት ላይ ከመቆሙ አስቀድሞ በሰው አሳብ ውስጥ መቆም አለበት። ይህን አሳብ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ማስተላለፍ ግን ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ የግንባታ መሐንዲሶችን የትምህርት ታሪክ ስንመረምር፣ በየዘመኑ ተማሪው አሳቡን ለሥራ ጓደኛው የሚገልጽበትን መንገድ ሲማር እናገኘዋለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ጋስፓር ሞንዥ በሜዚዬር የጦር መሐንዲሶች ትምህርት ቤት ሳለ፣ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ያለውን ነገር በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ በትክክል የሚያሳይ ዘዴ አወጣ። ዘዴው ለምሽግ ሥራ ይጠቅም ስለ ነበር ለብዙ ጊዜ እንደ ወታደራዊ ምሥጢር ተጠብቆ ኖረ። በ1794 በፓሪስ ኤኮል ፖሊቴክኒክ ከተቋቋመ በኋላ ግን በግልጽ ይሰጥ ጀመር፤ ከዚያም ወደ ሌሎች አገሮች የምሕንድስና ትምህርት ቤቶች ተዛመተ። በአገራችንም በ1954 በስዊድን እርዳታ በአዲስ አበባ በተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ በእርሳስና በማስመሪያ ንድፍ ይሠሩ የነበሩት ተማሪዎች የዚሁ ትምህርት ወራሾች ነበሩ።

የወረቀት ንድፍ ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። አንዱ ግድግዳ በፕላኑ፣ በሴክሽኑና በፊት ገጽታው ላይ ደጋግሞ ይሣላል። ቦታው ሲለወጥ ሁሉም መታረም አለባቸው፤ አንዱ ከተረሳ ስሕተቱ የሚታወቀው ምናልባት ግንበኛው ሥራ ከጀመረ በኋላ ነው።

በ1963 አሜሪካዊው አይቫን ሰዘርላንድ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለዶክትሬት ማዕረጉ «ስኬችፓድ» የተባለውን፣ በብርሃን ብዕር በኮምፒዩተር ላይ ንድፍ የሚሣልበትን ፕሮግራም አቀረበ። ነገር ግን መስመር በኮምፒዩተርም ቢሣል ያው መስመር ነው፤ ግድግዳ መሆኑን አያውቅም። በ1974 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ ኢስትማንና ባልደረቦቹ ሌላ አሳብ አቀረቡ። ይኸውም እያንዳንዱ የሕንፃ ክፍል ከነቅርጹ፣ ከነቦታውና ከነቁሳቁሱ አንድ ጊዜ ብቻ ይመዝገብ፤ ንድፎቹ ሁሉ ከዚያ መዝገብ ይውጡ የሚል ነው። ዛሬ የሕንፃ መረጃ ሞዴል፣ በአጭሩ «ቢም» የሚባለው ከዚህ ሥር የበቀለ ነው። በ1982 በቡዳፔስት የተቋቋመው ግራፊሶፍት አርኪካድን አወጣ፤ በ2000 ደግሞ ሬቪት ተከተለ። የእንግሊዝ መንግሥትም ከ2016 ጀምሮ በማዕከላዊው መንግሥት ለሚሠሩ ሕንፃዎች ቢም ግዴታ እንዲሆን በ2011 አስታወቀ።

እንግዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪዎቻቸው ምን ያስተምሩ? ቢምን ማስተማር ማለት የፕሮግራሙን አሠራር ማሳየት ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኛ ግን ታሪኩ ሌላ ያስተምራል እንላለን። ስለ ብረትና ስለ አርማታ ያልተማረ ተማሪ በኮምፒዩተር ያማረ ዓምድ ሊያቆም ይችላል፤ ዓምዱ ግን ሸክሙን ላይችል ይችላል። የብሎኬቱን ብዛት ከሞዴሉ ያወጣ ተማሪም አስቀድሞ በእጁ ቆጥሮ ካላወቀ፣ የተሳሳተውን ቁጥር ከትክክለኛው አይለይም።

ሁለተኛም፣ የአርክቴክቱ፣ የመሐንዲሱና የቧንቧ ባለሙያው ሞዴሎች በአንድነት ሲገናኙ፣ የፍሳሽ ቧንቧው የአርማታውን ወጋግራ የሚወጋበትን ቦታ መሣሪያው ያሳያል። የትኛው ይነሣ የሚለውን ግን መወሰን ያለባቸው ሰዎቹ ናቸው። ስለዚህ መልካም ትምህርት የልዩ ልዩ ክፍል ተማሪዎችን በአንድ ሕንፃ ዙሪያ አስቀምጦ፣ ለእያንዳንዱ ድርሻውን ሰጥቶ፣ ግጭቱን ተነጋግረው እንዲፈቱት የሚያደርግ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። የመጨረሻውን ክፍል ከምንጨርሰው መካከል ወደ ምሕንድስና ትምህርት ለመግባት የምንመኝ አለን። የደረቀ አርማታ ተቦርቡሮ ቧንቧ ሲያልፍ የሚባክነው ሲሚንቶና ገንዘብ በብዙ ድካም የተገኘ ነው። ወላጆቻችን ኮምፒዩተር ቢገዙልን እናመሰግናለን፤ ዳሩ ግን ሒሳቡንና ፊዚክሱን ካላጠናን፣ የጓደኛችንንም አሳብ በትዕግሥት መስማት ካልለመድን፣ መሣሪያው ብቻውን መሐንዲስ አያደርገንም። ይህንንም ልማድ ዩኒቨርሲቲ እስክንገባ ሳንጠብቅ ከዛሬው ክፍላችን እንጀምረው።