ስለ ወንዝ ሰፍነግ የዘር መዝገብ



ሰፍነግ የሚለው ስም በወንጌል ስለሚገኝ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ነገር ግን ሰፍነግ ሕይወት ያለው እንስሳ መሆኑን፥ ከወገኖቹም አንዳንዶቹ ጨው በሌለበት በወንዝና በሐይቅ ውሃ ውስጥ ከድንጋይና ከእንጨት ላይ ተጣብቀው እንደሚኖሩ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

ሰፍነግ አፍም ልብም አንጎልም የለውም፤ ከተጣበቀበት ስፍራ ሲንቀሳቀስም አይታይም። ስለዚህ ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ18ኛው መቶ ዓመት በመጀመሪያ ከእጽዋት ጋር ቈጥሮት ነበር። በ1825 ዓ.ም. ግድም ግን (ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) ሮበርት ግራንት የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም በማጉያ መነጽር ሲመረምረው፥ ውሃ እንደ ምንጭ እየፈለቀ ከቀዳዳዎቹ ሲወጣ አየ። የግራንትም ምርምር ሰፍነግ እንስሳ መሆኑን ለማስረዳት ታላቅ ረዳት ሆነ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ወደ ሕዋስ ውስጥ ገባ። በሕዋስ ውስጥ ክሮሞሶም የሚባሉ ረቂቅ ክሮች አሉ፤ ጂን የሚባሉት የውርስ ትእዛዞች በእነርሱ ላይ በተርታ ተጽፈዋል፤ ጠቅላላው መዝገብም ጂኖም ይባላል። ሰው 48 ክሮሞሶም አለው ተብሎ ለብዙ ዘመን ሲታመን ከቈየ በኋላ፥ ጆ ሂን ትዮና አልበርት ሌቫን በስዊድን አገር በሉንድ ከተማ ቈጥረው፥ 46 ማለት 23 ጥንድ መሆኑን በ1956 ዓ.ም. አስታወቁ።

በ2020 ዓ.ም. ደግሞ የልዩ ልዩ አገር ሊቃውንት ተባብረው፥ ኤፊዳቲያ ሙለሪ የተባለውን የወንዝ ሰፍነግ ጂኖም በየክሮሞሶሙ ለይተው አሳተሙ። ክሮሞሶሙ እንደ ሰው 23 ጥንድ ሆኖ ተገኘ። ጂኖቹ ግን ከ39,000 ይበልጣሉ፤ ይኸውም የሰውን እጥፍ ለመሆን ጥቂት የቀረው ነው።

እንግዲህ ሰፍነግ ከሰው ይበልጣልን? አይበልጥም። በመዝገብ ቤት የፋይሉ ብዛት የሥራውን ደረጃ እንደማያስረዳ ሁሉ፥ የጂን ብዛትም የፍጥረትን ማዕርግ አይለካም። ከሰፍነጉ ጂኖች ብዙዎቹ አንዱ ከሌላው እየተገለበጠ ጎን ለጎን የተባዙ ናቸው። ይህም መባዛት ከጨው ባሕር ወጥቶ በወንዝ ውሃ ለመኖር እንደረዳው ሊቃውንቱ ያስባሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በ2022 ዓ.ም. የታተመው ምርመራ ነው። የሰፍነጉ ክሮሞሶሞች ከሌሎች እንስሳት ክሮሞሶሞች ጋር ሲተያዩ፥ በአንድነት የሚጓዙ 29 ጥንታዊ የጂን ማኅበሮች ተገኙ። እነዚህም ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ አብረው የቈዩ ናቸው።

«የጠሉት ይወርሳል» እንዲሉ፥ ከእንስሳት ወገን ተቈጥሮ እንኳ ያልነበረው ሰፍነግ፥ የእንስሳትን የጥንት ውርስ ጠብቀው ካቈዩት መዛግብት አንዱ ሆኖ ተገኘ።